እስክታስታውስ ስገድ

ሕዝቡ መንግሥቱን ሊያወርድ ካርቱምን ባናወጠበት ዓመት አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ጥይት ሲፈራ እኔ የምፈራው መርሳትን ነበር። አባቴ ጎንደር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሃምሳ ሲሞላው መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የደንበኛ ልክ ረሳ፣ ቀጥሎ መቀሱን የት እንዳስቀመጠ፣ በመጨረሻ እኔን ራሴን በትሕትና ቀና ብሎ “የማን ልጅ ነህ አንተ?” አለኝ። ሙያውን የወረስኩት ከሱ ነው። ሌላውንም እንዳልወርስ ስፈራ ነው የኖርኩት።

ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት አለ፤ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን። ቀልድ የሚወድ፣ ስኳር በሽታ ያለበት፣ ሲቆጣ ግን ጆሮው የሚደፈን ሰው ነው። እኔ የቆረጥኩትን እየቆጠረች፣ ቁጥር እየጻፈችበትና በክር እያሰረች ለሰፊዎቹ የምታድል ደግሞ አንዲት ሴት አለች። እናቷ የወሎ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ካርቱም ዳር፣ ማዮ ሰፈር ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ሰበር ሰበር ይላል። በሥራዋ ግን እንከን አይወጣላትም። አንድ ኪስ ቢጎድል ከእኔ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች።

በዚያ የብርድ ወራት ለአንድ ድርጅት ዘበኞች ሃያ አራት ጃኬት ታዘዝን። ጨርቁ ሰማያዊ ገበርዲን ነው፤ ሳይተርፍ ልክክ ብሎ ስለሚበቃ ግራና ቀኙን እጅጌ እንደ ወትሮው በአንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ ነበር የምነድፈው። ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የሙዛሃራ ቀን ነው፤ ሰልፉን እዚህ እኛም ሙዛሃራ ነው የምንለው። ከቀትር በኋላ ከታች ጩኸት ሆነ፣ ወዲያው ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭስ በመስኮት ገባ። ዓይናችንን ይዘን፣ በር ቆልፈን፣ ደረጃውን በሩጫ ወረድን። ቤቱ አራት ቀን ሳይከፈት ቆየ። ስንመለስ ሥራው ካቆመበት ቀጠለ፤ ሰፊዎቹ እጅጌ መግጠም ሲጀምሩ ግን ሃያ አራት የግራ እጅጌ አለ፣ የቀኝ አንድም የለም።

ሐጂ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ኡስታ ነው የሚለኝ፤ ባለሙያ ማለት ነው።

“ያ ኡስታ፣ ቀኙን ቆርጠሃል?”

“ቆርጫለሁ።”

“ለማን ሰጠህ?”

እውነቱን ልናገር፤ መቁረጤን አላስታውስም ነበር። አለመቁረጤንም አላስታውስም። ያን ሐሙስ ሳስበው ያለው ባዶ ነገር ነው። “አላስታውስም” ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአባቴን ፊት ይዞብኝ መጣ። “ለሷ ነው የሰጠሁት፣ ወላሂ!” አልኩ።

እሷ ክሩን እንደያዘች ዞር አለች። “ለኔ? ሚቴን? መቼ ሰጠህ ጋሼ?”

ጠመኔ አንስቼ ጨርቄ ላይ አጎነበስኩ። ሐጂም መልስ አልጠበቀም። ቤቷ የልብስ መኪና እንዳላት፣ የሥራ ቤቱም ቁልፍ አንዱ እሷ ዘንድ እንደሚያድር፣ ከእጅጌ ጨርቅ የልጅ ቁምጣ እንደሚወጣ ሁሉ ቆጥሮ ቆጥሮ “ሐራሚያ” አላት፤ ሌባ ማለት ነው። በዚያው ቀን ሄደች። ለቀኙ እጅጌ ሌላ ገበርዲን ተገዛ፤ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ዘበኞቹም አንድ እጃቸው ደመቅ ብሎ ለበሱት።

እኔ ራሴን ስደልል ከረምኩ። ምናልባት ሰጥቻት ይሆናል። ምናልባት ወስዳው ይሆናል። ደግሞ የማልኩት በዐረብኛ ነው። እዚህ አገር ሽንኩርት ሻጩም “ወላሂ” ይላል፣ የአውቶቡሱ ረዳትም ይላል፣ ማተብ ያሰርነውም ከነሱ ጋር አብረን እንላለን። እንደ መሐላ አይቆጠርም ብዬ ነበር። ከወር በላይ እንዲህ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር መርሳቴ ባሰ። የምነድፍበትን የካርቶን ልክ በእጄ ይዤ እፈልገዋለሁ፣ ቁጥር ጀምሬ መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ሁለት ኮሌታ አበላሸሁ። የምታየኝ ስለሌለች ማንም አላወቀም።

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ዓርብ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፣ ሲናገሩ ግን ያስደነግጣሉ።

“አባቴ፣ ምናልባት በሐሰት ምዬ ይሆናል” አልኳቸው።

“ምናልባት ብሎ ንስሐ አለ? ምለሃል አልማልክም?”

“የማልኩት በዐረብኛ ነው።”

“እግዚአብሔር ዐረብኛ አይሰማም ያለህ ማነው?”

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። የልጅቷን መባረር ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሄደህ እውነቱን ተናገር አሉኝ።

“እውነቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም አባቴ። አላስታውስም።”

ጥቂት አሰቡና “እንግዲያው እስክታስታውስ ስገድ” አሉ። ከሰንበታት በቀር በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። ሲያሰናብቱኝም አልሳቁም።

ቤቴ ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ነው፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ለአራት ነው የምንኖረው። አልጋ ካልተነሳ የሚሰገድበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ከሁሉ ቀድሜ ሥራ ቤት እገባለሁ። በመቁረጫ ጠረጴዛውና በብረት ቁም ሣጥኑ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ጨርቅ አነጥፌ እሰግዳለሁ። ስግደት ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ቆመህ ነው የምትጀምረው፤ በጉልበትህ ትወርዳለህ፣ ግንባርህ መሬት ይነካል፣ እንደገና ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፤ ያ አንድ ነው። አሥራ አምስተኛው ላይ ጭን ይናገራል። ሠላሳኛው ላይ ልብ ከጆሮ ስር ይመታል።

በመጀመሪያው ቀን የሐጂ መኪና ከታች ሲቆም ገና አሥረኛው ላይ ነበርኩ። ሳልታይ ለመጨረስ ብዬ የቀረውን እንደ እብድ ጨረስኩት። ሐጂ ደረጃውን ቀስ ብሎ እስኪወጣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ ጠረጴዛ ተደግፌ ቆሜአለሁ። ውሃ ጠጣሁ፣ ፊቴን ጠረግሁ፣ ጠመኔ አነሳሁ። ያን ጠዋት ምን እንደሆነ እስካሁን በትክክል ማስረዳት አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ብቻ ቁጥሩ ከእጄ አላመለጠም። አሥራ ስምንት ሱሪ ነድፌ ስጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሼ አልቆጠርኩም። ሥራው እዚያው ፊቴ ነበር፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ጾም ነው፣ ሆድ ስለቀለለ ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ተረጋግቼ፣ እንደ ሥርዓቱ በቀስታ ሰገድኩ፤ ልቤ ደስ አለው፣ ጭንቅላቴ ግን እንደ ድሮው ድንዝዝ ነው። በሦስተኛው ቀን ፈጥኜ ሰገድኩ፤ ያ ጥራት ተመለሰ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየና ቀስ ብሎ ሄደ። ፈተናውን የጨረሰልኝ ደግሞ እሁድ ነው። እዚህ አገር እሁድ የሥራ ቀን ነው፤ በሰንበት ግን የንስሐ ስግደት የለም። ሳልሰግድ በምሠራበት እሁድ የጠፋኝን ሰኞ ጠዋት አገኘው ነበር። አንድ እሁድማ ኪስ ቦታ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ነደፍኩ።

የማይሆነውንም ተማርኩ። ልክ እንደተነሳሁ መቀስ ከያዝኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሼ እስኪመለስ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፣ ከዚያ እነድፋለሁ፣ መቀሱ በመጨረሻ ይመጣል። ከልክ በላይ የሰገድኩ ቀን ደግሞ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ስለሚውል ሐሳቤ ሁሉ ጉልበቴ ላይ ነው። ጎበዝ ሆንኩ አልልም፤ ትናንት የማላውቀውን ዛሬ አላወቅሁም። የማውቀው ነገር ስጠራው ብቻ ይመጣልኝ ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ፈትቼ ስበላ እንቅልፍ ይጥለኝ ስለነበር፣ ከምግብ በፊት አንድ ሃያ ጨመርኩ። ይህንን ለአባ ስነግራቸው “ማን አዘዘህ?” አሉኝ።

“ጨርቁ” አልኩ።

“ስግደት ነው ወይስ ስፖርት?”

እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ለቅጣት የተሰጠኝ ነገር ሲጠቅመኝ ቅጣትነቱ አይቀርም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። “መድኃኒት ሲጣፍጥ ይተፋል እንዴ?” ብለው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ያን ቀን ቀለለኝ። በኋላ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳው ሲገባና ስግደት ሲከለከል፣ የሕንጻውን ደረጃ ሦስት ጊዜ በሩጫ እየወጣሁ ተክቸዋለሁ፤ ስለ ደረጃ የሚከለክል ቀኖና እስካሁን አልሰማሁም።

ሐጂ አንድ ጠዋት ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። እስክጨርስ ጠበቀና “ያ ኡስታ፣ እኛ እንኳ እንዲህ ቸኩለን አንሰግድም። ባቡር ሊያመልጥህ ነው?” አለኝ። ሆኖም በዚያ ሰሞን ሥራዬ መስተካከሉን አይቷል። “እኔም ለስኳሬ ልሞክረው” ብሎ አንድ ቀን ደረጃውን ፈጠን ብሎ ወጣና ወንበር ላይ ወድቆ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደረጃውን የሠራውን ሰውዬ ሲረግም ቆየ።

እንዲህ ጭንቅላቴ ሲጠራ ግን ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አንድ ማክሰኞ ሰግጄ ስነሳ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ ትንፋሼን ስጠብቅ፣ አንዲት ጥያቄ ቀጥ ብላ መጣችብኝ፤ የቀኝ እጅጌ ብቻ የሚሰርቅ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው? የልጅ ቁምጣ ለመስፋት የፈለገ ሰው የጀርባውን ሰፊ ጨርቅ ትቶ ጠባቧን እጅጌ፣ እሷንም የአንድ ወገኑን ብቻ ለይቶ ይወስዳል? ይህን ያህል ቀላል ነገር ሐጂም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያች ቀን ወዲያ “ምናልባት ወስዳው ይሆናል” የምትለዋ መደለያ ሠርታልኝ አታውቅም።

ፕሬዝዳንቱ የወረዱ ሰሞን ከተማው ሰርግ ቤት ሆነ። ሰው ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ አልነሳም ብሏል፤ ከበሮው፣ ጥሩንባው፣ ዘፈኑ እኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አንድ ጠዋት በዚያ ጩኸት ውስጥ እሰግዳለሁ። ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ መታ፣ ከታች ሰው ይጮሃል፣ ላብ ዓይኔ ገብቶ አቃጠለኝ። ቀና ስል ያ ሐሙስ ሙሉውን መጣ። ልቤ እንዲያ የመታው፣ ዓይኔ እንዲያ የተቃጠለው ያን ቀን ነበርና ከነሽታው መጣ። ግራውን ቆርጬ ጨርሻለሁ። የቀኙን ነድፌ መቀሱን አንስቻለሁ። ጭሱ ሲገባ ጨርቁ እንዳይበላሽ ብዬ ከነድርቡ ጠቀለልኩትና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ካርቶኖች ጀርባ ወረወርኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ስግደት ነው።

ወንበር ላይ ወጥቼ እጄን ሰደድኩ። አቧራ ለብሶ እዚያው ነበር። ስዘረጋው የጠመኔው መስመር እንዳለ አለ፤ የቀኝ እጅጌ፣ በእኔ እጅ የተነደፈ፣ መቀስ ያልነካው።

መጀመሪያ የተሰማኝን ብናገር ያሳፍረኛል፤ ደስታ ነው። አስታወስኩ! ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። አባቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ከሱ የሄደ ነገር አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። የእኔ ግን መጣ፣ ስለዚህ ጭንቅላቴ አለ፣ ደክሞት ነበር እንጂ አለ። ስንት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሳልኝ። ደስታው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ እስክጨርስ ቆየ። ከዚያ ልጅቷ ትዝ አለችኝ።

አላስታውስም የምልበት ዘመን አለቀ። ጨርቁን ግን ከእኔ ሌላ ያየው የለም። ልቁረጠውና ከሌላ ሥራ ጋር ልቀላቅለው? ሐጂ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ነበረኝ። ቆራጭነቴን ካጣሁ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ይህን ሁሉ ጥርት አድርጌ አሰብኩ፤ ክፋቱ፣ የልጅቷንም ፊት የዚያኑ ያህል ጥርት አድርጌ አየሁት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ትቼ ቁጭ አልኩ።

ሐጂ ገብቶ አየው። በጣቱ የጠመኔውን መስመር ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ።

“የት ነበር?”

“እኔ ያስቀመጥኩበት።”

“ወላሂ ብለህ ነበር።”

“ብያለሁ።”

ይጮሃል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “በዚህ ሰሞን የወረደው ሁሉ በግድ ነው የወረደው። በገዛ ፈቃድህ የወረድክ አንተ ብቻ ነህ” አለኝ። ቀጥሎ ጨርቁን ሳያይ “ሐራሚያ ያልኳት ግን እኔ ነኝ” አለ። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። “ያላ፣ ተነስ።”

ማዮ ስንደርስ መንገዱ አሸዋ ሆነና መኪናውን ትተን በእግር ገባን። ሐጂ ባዶ እጅ አይገባም ብሎ በመንገድ ብርቱካን ገዝቷል። የቤቷን የላሜራ በር ስንገፋ እሷ ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ስር፣ የእጅ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ጨርቅ ዙሪያዋን ተከምሯል፤ አገሩ ሁሉ ባንዲራ በሚሸምትበት ሰሞን ባንዲራ ትሰፋለች። ሐጂን ስታይ ብድግ አለች። ደንግጣለች፤ ደግሞ ምን ጠፋ ልትባል ነው ብላ ይሆናል።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አልተናገርኩትም። “የቀኙን እጅጌ አልቆረጥኩትም ነበር” አልኳት። “ለአንቺም አልሰጠሁሽም። ጨርቁን ቁም ሣጥን ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ።”

የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። “ረስተህ ነው?”

“መቁረጡን ረስቼ ነው። ላንቺ ሰጠሁ ያልኩት ግን ረስቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።”

ሐጂ ከበሩ ሳይርቅ፣ ብርቱካኑን እንዳቀፈ፣ በዐረብኛ ይቅርታ ጠየቃትና እሁድ ሥራ እንድትገባ ለመናት። “ባንዲራ ይለቅ፣ ኢንሻአላህ እመጣለሁ” አለችው። ወደ እኔ ግን ዞረች። “ጋሼ፣ ይሄ እዚህ ኻላስ፣ አለቀ፣ አይሆንም። ግባ። ለእማ ንገራት።”

እናቷ ጓዳ፣ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደገና ጀመርኩ። ለእናት መናገር ለሐጂ ከመናገር ይከብድ ነበር። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ አልተቆጡኝም፣ እንዲያውም አላዩኝም። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነበር።

“ያን ሰሞን ሳጥንሽን ፈትሻለሁ” አሏት። “ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ። ሁለት ጊዜ። ይቅር በይኝ ልጄ።”

“አውቃለሁ እማ” አለች። “ልብሴን አጣጥፈሽ መለስሽው። እኔ እኮ አጥፌ አላውቅም።”

አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ እንባቸው። ልጅቷ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ አብሬአቸው አለቀስኩ።